የአንጓች ግብጦ

የመቱ ሰው ምስጢር አይቋጥርም የሚል ካለ የኩማን ቤት ነገር አልሰማም ማለት ነው። ከገበያው እስከ ሶር ወንዝ ያለው ሰው፣ ሴቱም ወንዱም፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ አንድ ነገር ከአንዲት ሴት ደብቆ ሦስት ዓመት ከረመ። በክፋት ቢሆን እኮ ይሻል ነበር። ክፉ ሰው አንድ ቀን ተጣልቶ ያፈርጠዋል። እነዚህ ግን የደበቁት ስለሚወዷት ነው፤ ስለዚህ ከማንም አፍ አላመለጠም።

ሴትዮዋ አንጓች ትባላለች፤ የጎጃም ሰው ናት። ባሏ ኩማ ግን የመቱ ልጅ ነው። ጣሊያን ሲገባ በጋምቤላ አድርጎ ሱዳን ተሰደደ፤ ንጉሡ ሲመለሱ ከጦሩ ጋር ጎጃም ገባና ቡሬ አጠገብ ጉልበቱን ጥይት አገኘው። ጓደኞቹ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ቤት አስጠግተውት አለፉ። ሴትዮዋ ከልጇ ከአንጓች ጋር ሆና ቁስሉን እያጠበች፣ እንደ ወለደችው ልጅ እየተቆጣችው፣ አስታመመችው። ሲድን ልጅቱን ጠየቀ። «ጥይቱ ጉልበቴን በላኝ እንጂ ሚስት ሰጥቶኛል» እያለ ሲቀልድበት ኖሯል።

እናትየው ኢሉባቦር የሚባለው አገር የት እንደሆነ አታውቅም። ሩቅ መሆኑን ግን ከኩማ ፊት አነበበችው፤ ስንት ቀን ያስኬዳል ብላ ስትጠይቀው አቀርቅሮ ነበርና። ልጇን ስትሸኝ በነጠላዋ ጫፍ ግብጦ ቋጠረችላት።

«ስትመጪ ከዘራሽው አምጪልኝ» አለቻት። «አፈሩ ተቀብሎሽ እንደሆን ቀምሼ አውቀዋለሁ።»

ግብጦ ባቄላ የሚመስል ፍሬ ነው። ቅጠሉ እንደ ተዘረጋ ጣት ነው፤ አበባው ነጭ ሆኖ ጫፉን ሰማያዊ ይነካዋል። ጥሬው ግን እንደ ኮሶ ይመራል። ተቀቅሎ፣ በከረጢት ታስሮ፣ ወራጅ ውኃ ውስጥ ድንጋይ ተጭኖበት ሳምንት ካልከረመ አይበላም። ምሬቱን ወንዝ ከወሰደለት በኋላ በጨው ነው፤ ከጠላ ጋር የቀረበለት ሰው ቶሎ አይነሳም።

አንጓች መቱ በገባች ዓመት እንደ አገሯ ልማድ በሰኔ ዘራችው። የኢሉባቦር ዝናብ ደግሞ ሲጀምር እንጂ ሲያቆም አያውቅም፤ ዘሩ መሬት ውስጥ በሰበሰ። ደግነቱ ግማሹን አስቀርታ ነበር። በዓመቱ ጓሮዋ ውስጥ ተዳፋቱን መረጠች፤ አፈሩን ከፍ አድርጋ ደለደለች፣ ዙሪያውን ቦይ ቀደደች፣ ክረምቱ እስኪሰክን ጠብቃ በመስከረም ዘራች። በቀለ። ሲያብብ መንገደኛ እየቆመ ያየው ጀመር። ቀፎ ሠሪው ኩማ ደስ ያለው በሌላ በኩል ነው፤ ንቡ ሁሉ ጓሮው ውስጥ ዋለ።

ጎረቤታቸው አዴ ዶሪ ፍሬውን እንዳየች ጥሬውን አንስታ ቆረጠመችው። ምላሷን በእጇ እየጠረገች በኦሮምኛም በአማርኛም ተሳደበች።

«ይቺ ጎጃሜ ልትገድለኝ ነው የመጣች!»

አንጓች በሳቅ ወደቀች። ሁለቱ ሴቶች ከዚያ ቀን ጀምሮ እህትማማች ሆኑ። ሰፈሩም ፍሬውን «ባቄላ ጎጃም» ብሎ ሰየመው። ከረጢቱ ሶር ወንዝ ውስጥ ታስሮ ሲሰነብት ውኃ ቀጂዎቹ እየተፈራረቁ ይጠብቁላት ነበር።

ከየዓመቱ አዝመራ አንጓች የእናቷን ድርሻ ለይታ አንዲት ቅል ውስጥ ታስቀምጣለች። አዲሱ ሲደርስ አሮጌውን አውጥታ ትዘራለች ወይም ታበላለች፤ ቅሉን በአዲሱ ትሞላለች። እናቷ ዘንድ መቼም አሮጌ ይዛ አትሄድም። ግን አልሄደችም። አንድ ዓመት የኩማ ጉልበት አመረቀዘ፤ አንድ ዓመት መንገዱ ተቆረጠ። ሁለት ልጆች ወልዳ ሁለቱንም ቀበረች። ለእነሱ ስታለቅስ የእናቷን ስም እየጠራች ነበር፤ ኩማ ያን አልረሳም። ሦስተኛውን ስታረግዝ ግን ፊቷ በራ፤ ይህን ወልጄ ታቅፌው እሄዳለሁ አለች።

ከጎጃም ወሬ የሚመጣው በሻፊ በኩል ነው። ሻፊ የመቱ ቡና ነጋዴ ነው፤ መኪና ጭኖ አዲስ አበባ ይመላለሳል። የአንጓች ወንድም ደግሞ መርካቶ ቅቤ ይዞ ብቅ ስለሚል ሁለቱ ተዋውቀዋል። አንድ የገበያ ቀን ኩማ ሁሩሙ በምትባል ጎረቤት ከተማ ገበያ ላይ ቀፎዎቹን ደርድሮ ተቀምጦ ሳለ ሻፊ መጣና አጠገቡ ቁጢጥ አለ። ሰላምታው አጠረ።

«ጋሼ ኩማ፣ የእትዬ አንጓች እናት አርፈዋል።»

ኩማ እጁ ላይ የነበረውን ሐረግ ይዞ ቀረ። ቁስሉን ያጠበችለት ሴት ናት። ማልቀስ ፈለገ፤ ሆኖም ገበያ መሀል ነው፣ ደግሞም አንጓች ወሯ ገብቷል። ቀፎዎቹን ለሰው አደራ ሰጥቶ በቀጥታ ኦቦ ዳዲ ዘንድ ሄደ። ኦቦ ዳዲ በሰፈሩ መርዶ ሲኖር ሽማግሌ አሰባስበው በንጋት የሚያረዱ ሰው ናቸው።

«ነፍሰ ጡር አትረዳም» አሉ። «መጀመሪያ በሰላም ትውለድ።»

ልክ ነበሩ። የትኛውም አገር ሽማግሌ ሌላ ነገር አይልም።

ወለደች፤ ሴት ልጅ። ዱሬቲ አሏት። አሁን ይነገራት ሲባል አዴ ዶሪ ተቆጣች፤ አራስ ብትረዳ ወተቷ ይደርቃል አለች። እሷም ልክ ነበረች። ከአራስ ቤት ስትወጣ ልጅቱን ኩፍኝ ያዛት። ሁለት የቀበረች እናት በታመመ ልጅ ላይ መርዶ? ማን ጨካኝ ያደርገዋል! ልጅቱ ስትድን ጾም ገባ፤ ጾሙ ሲፈታ የፋሲካ ደስታዋን እንዴት እንንጠቃት ተባለ። እንዲህ እንዲህ ሲል ምክንያቱ ሁሉ አለቀ፤ በምክንያቱ ቦታ ኀፍረት ገባ። ያን ጊዜ ነገሩ ከበፊቱ ባሰ፤ ከእንግዲህ «እናትሽ ሞተች» ብቻ ሳይሆን «እኛም ደበቅንሽ» ማለት ሊኖርባቸው ነው።

ከሁሉም የከበደው ለኩማ ነው። ሌላው ሰው ምስጢሩን ይዞ ቤቱ ይገባል፤ እሱ ግን ከምስጢሩ ጋር ነው የሚበላው። አዝመራ በደረሰ ቁጥር አንጓች ሰፌዱን ይዛ ትቀመጥና የእናቷን ድርሻ አብሯት እንዲለቅም ትጠራዋለች።

«ይቺ ትንሽ ናት፤ ለእናቴ አትሆንም» ትለዋለች፤ ከእጁ ላይ አንስታ ትጥላለች። «አንተ ደግሞ አማትህን አሳንሰህ ልታሳያት ነው?»

ኩማ ይስቃል። ትልልቁን እየመረጠ ለሞተች ሴት ቅል ይሞላል። ዛሬ እነግራታለሁ ብሎ አፉን የከፈተባቸው ቀናት ነበሩ፤ ያን ጊዜ ስለ እናቷ የሆነ የሚያስቅ ነገር ታነሳለች፣ እሱም አፉን ይዘጋል። ፈሪ ነበር ብንለው አንዋሽም። ጥይት ያልፈራ ሰው የሚስቱን ዓይን ፈራ።

ሻፊም የራሱን ቀንበር ተሸከመ። አዲስ አበባ በሄደ ቁጥር አንጓች ለእናቷ ማር ትሰጠዋለች። ማሩን ወስዶ አንድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ለተቀመጡ ችግረኞች በሟቿ ስም ያድለዋል፤ ሙስሊም ሆኖ ከዚህ የተሻለ ምን ያድርግ? ሲመለስ ግን ደጇ ላይ ትጠብቀዋለች።

«ደርሷል እትዬ። እናትዎ መርቀውዎታል፤ ማህፀንሽ ይለምልም፣ የዘራሽው ይብዛ ብለዋል።»

አንጓች ምርቃቱን ቆማ ትቀበላለች፤ በሁለት እጇ፣ ልክ እንደሚጨበጥ ነገር። ሻፊ ከዚያ ቤት ሲወጣ ሁልጊዜ መንገድ ይሳሳታል።

ከዚያ የኦቦ ዳዲ ልጅ ሠርግ መጣ። አንጓች ጥለቷን ለብሳ፣ ጸጉሯን ተሠርታ ወጣች። ጎጃሜዋ ትጨፍር ሲባል ገባች፤ እንዴት አድርጋ እንደመታችው ያን ቀን ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ድንኳኑ በእልልታ ተናጋ። መሀል ላይ ላቧን እየጠረገች «እናቴ ይህን ብታይ!» አለች። እልልታው ለአንድ አፍታ ተሰበረ፤ ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ አዴ ዶሪ ፈጥና እልል አለችና ሌሎቹም ተከተሏት። ኩማ ግን ከድንኳኑ ወጥቶ ከጀርባው ቆሞ አለቀሰ።

ዱሬቲ ጡት ጥላ ሦስተኛ ዓመቷን ስትይዝ አንጓች ቆረጠች። ዘንድሮ ማንም አያስቀረኝም አለች። ቅሉን ሞላች፣ ለእናቷ ጋቢ አስፈተለች፣ ከሻፊ መኪና ላይ ጋቢናውን ያዘች። ለመሄድ ጥቂት ቀን ሲቀራት ኩማ ሮጦ ኦቦ ዳዲ ዘንድ ሄደ።

«ሄዳ ከመቃብር ላይ ልትጋጭ ነው» አላቸው። «ከእንግዲህ እርስዎ ባይመጡም እኔ እነግራታለሁ።»

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው የኩማ ቤት ደጃፍ ላይ ተደረደሩ። አንጓች በሩን ስትከፍት አየቻቸው። ያ አቀማመጥ ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ዞር ብላ መደቡ ላይ የተኛችውን ዱሬቲን አየች። ኩማን አየች፤ ቆሟል።

«እናቴ ናት» አለች።

አዴ ዶሪ ጮኸች፤ ለቅሶው ተጀመረ። አንጓች ደረቷን ደቃች፣ ጸጉሯን ተላጨች፣ ጥቁር ለበሰች። ጎረቤቱም ከልቡ ነበር፤ ይሁን እንጂ የዛሬ ሦስት ዓመት አልቅሶ የጨረሰውን ለቅሶ ነው ዳግም የሚያለቅሰው። እንባው በደንብ አልመጣለትም። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል አዲስ ኀዘን የያዛት አንጓች ብቻ ነበረች።

ከሰዓት በኋላ ለቅሶው ሲበርድ ባሏን ጠራችው።

«መቼ ነው?»

ኩማ መሬት መሬት አየ።

«መቼ ነው ያልኩህ፤ ወሬው የመጣው ትናንት ነው?»

«ዱሬቲ ሆድሽ ውስጥ ሳለች ነው።»

አንጓች ወደ ኋላ እየተመለሰች አንድ በአንድ እያነሳች መሆኑ ፊቷ ላይ ይታያል።

«የኦቦ ዳዲ ልጅ ሠርግስ?»

«ከዚያ በፊት ነው።»

«ስጨፍር ቆመህ አየኸኝ?»

ሻፊ በሩ ጥግ ተቀምጦ ነበር። ዓይኗ እሱ ላይ ሲያርፍ ተነሥቶ ሊወጣ አሰበ፤ ግን ቀረ።

«ምርቃቱስ የማን ነው?» አለችው።

«የእኔ ነው እትዬ» አለ ሻፊ፤ አለቀሰም። ያን ቀን በደንብ ያለቀሰ ሰው ቢኖር እሱ ነው።

አንጓች አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻላቸው ነበር። የእናቷን ተዝካር አወጣች፤ ለተዝካሩም ያላትን ግብጦ በሙሉ፣ የቅሉንም፣ ለዘር የተቀመጠውንም፣ ድስት ውስጥ ጨመረችው። ኩማ እጇን ያዘ።

«ትንሽ ለዘር አስቀሪ እንጂ።»

«ለማን?» አለች። እጁን ለቀቀ።

ግብጦው ሳምንት ሙሉ ሶር ውስጥ ከረመ። የተዝካሩ ዕለት ሰፈሩ በላ፤ ጣፋጭ ነበር፤ ማንም ግን እንደ ወትሮው ጨምሩልኝ አላለም። በቀጣዩ መስከረም ያ የተደለደለ አፈር አረም በቀለበት፤ ንቡም ሌላ ጓሮ ፈለገ።

ባልና ሚስቱ አልተጣሉም። አንጓች ምግቡን ታቀርባለች፣ ጉልበቱን በቅቤ ታሽለታለች፣ ስለ ልጅቱ ያወራሉ። ግን እሱ የሚላትን ነገር ሁሉ ሰምታ ዝም ትላለች፤ እውነት መሆኑን እንደምትመረምር። ገበያ ውዬ መጣሁ ሲላት እንኳ ቀና ብላ ታየዋለች። ኩማን ይህ ገደለው።

በዚያው ወር ኩማ ከብት የሚገባበት በር አጠገብ አንዲት ቡቃያ አየ። ቅጠሏ እንደ ተዘረጋ ጣት ነው። አዝመራ ሲጓጓዝ የወደቀች ፍሬ መሆን አለባት። የከብት ኮቴ ሳያገኛት ብሎ፣ ለሚስቱ ሳይነግር፣ ዙሪያዋን ከነአፈሩ ቆፍሮ አወጣት። ደጃፋቸው ላይ፣ አንጓች ስትወጣ ስትገባ በምታየው ቦታ ተከላት፤ በእሾህ አጠራት። የቡና አገር ሰው ነው፤ ችግኝ ከዚህ ነቅሎ እዚያ ሲተክል ያደገ ነው። ሁሉም ተክል እንደ ቡና የሚሆን መስሎታል።

ቡቃያዋ በማግስቱ አንገቷን ደፋች። ውኃ አጠጣት፣ ጥላ ሠራላት። ደረቀች። አንጓች አጠገቧ ተቀምጣ ግንዱን በጣቷ ነካ አደረገችው።

«ከየት ያመጣኸው ነው?»

«ከበሩ አጠገብ። ከብት እንዳይረግጠው ብዬ።»

«ግብጦ ከበቀለበት አይነሳም። ወደ ታች የሚወርድ አንድ ሥር ነው ያለው፤ እሱ ከተነካ አለቀ። ብትነግረኝ እዚያው አጥርለት ነበር።»

«ለአንቺ ብዬ ነው» አለ ኩማ።

«አውቃለሁ» አለችው። «ሁልጊዜ ለእኔ ብለህ ነው።»

ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ኩማ እሾሁን እየነቀለ አጥሩን አፈረሰ።

መንገዱ ሲደርቅ የእናቷን መቃብር አይታ፣ ዘርም ይዛ ልትመለስ ተነሣች። ዱሬቲን ለአባቷና ለአዴ ዶሪ ተወች። መኪናው ላይ ከመውጣቷ በፊት ሻፊን ኩማ ፊት ጠራችው።

«ማልልኝ» አለችው። «እኔ አንድ ነገር ብሆን ለኩማ በሰማህበት ቀን ትነግረዋለህ። ሽማግሌ አትሰብስብ፣ ንጋት አትጠብቅ፣ ገበያ ላይ ቢሆንም ንገረው።»

«ኧረ እትዬ፣ ይህ ምን ሟርት ነው!»

«ማልልኝ አልኩህ።»

ማለላት። አንጓች ወደ ባሏ ዞረች፤ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኑን ጠረገችለት። «አፈሩን ደልድለህ ጠብቀኝ» አለችው። ከተረዳች ወዲህ ሳቅ ያለችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ኩማ ደለደለ። አረሙን ነቀለ፣ ቦዩን ጠረገ፤ ገና ብዙ ወር የቀረውን ዘር በየቀኑ ይጠብቅ ነበር። በደህና እንደደረሰች በሻፊ በኩል ሰማ፤ ደስ አለው። አንድ ቀን ፀሐይ አናት ላይ ሆና ቦዩን ሲያበጅ ሻፊ በአጥሩ በር ገባ። ብቻውን ነው። በእኩለ ቀን ነው። ጫማውን ጭቃው ውስጥ እያስገባ በቀጥታ ወደ እሱ መጣ፤ ኩማ ዶማውን እንደያዘ ቆመ።

«ጋሼ ኩማ፣ ወንድማቸው ከደብረ ማርቆስ ስልክ አስደወለ። ዓባይን ስትሻገር ወባ ይዟቸው ኖሮ... እትዬ አንጓች አርፈዋል። ከእናታቸው መቃብር ደርሰዋል፤ ዘሩንም ቋጥረው ነበር አለ።»

«መቼ?»

«ትናንት ከሰዓት በኋላ።»

ኩማ ዶማውን ጣለና እንደቆመ ጮኸ። ጎረቤቱ ከየቤቱ ወጣ፤ ይህ ለቅሶ ለማንም አዲስ ነበርና እንባው ቶሎ መጣ። ኦቦ ዳዲ በትራቸውን ተደግፈው ደረሱ። አዴ ዶሪ ራሷን ስትጥል ስታነሳ ቆየችና ድንገት አንድ ነገር ትዝ አላት፤ ዱሬቲ የእሷ ቤት ናት።

«ለልጅቱ አይነገርም!» አለች። «ኦቦሌቲ ኮ፣ እኔን እህቴ፣ አንጀቴ ተቆረጠ... ገና ሕፃን ናት። እናትሽ ጎጃም ናት፣ ትመጣለች እንላታለን። ከፍ ስትል ይነገራታል።»

ኦቦ ዳዲ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሌላውም «እውነት ነው» አለ። ሕፃን ልጅ ላይ ማን ይጨክናል?

ኩማ ፊቱን በክንዱ ጠረገ። እያነከሰ አዴ ዶሪ ቤት ሄዶ ልጁን እጇን ይዞ አመጣት። ሰዎቹ መንገድ ለቀቁለት። ጓሮው ውስጥ ከተደለደለው አፈር አጠገብ ተቀመጠና ጭኑ ላይ አስቀመጣት።

«ዱሬቲ፣ እናትሽ ሞተች።»

ልጅቱ የአባቷን እርጥብ ጢም ነካች።

«መቼ ትመጣለች?»

«አትመጣም» አላት። አፏን የፈታችው ከአዴ ዶሪ ልጆች ጋር ስለሆነ በደንብ እንድትሰማው በኦሮምኛ ደገመላት፤ «ሂን ዹፍቱ።»

ዱሬቲ አየችው፤ ከዚያ ፊቷን ደረቱ ውስጥ ቀበረች። አባትና ልጅ አብረው አለቀሱ፤ አዴ ዶሪም መጥታ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠች።